ደረጃው የታጠፈበት በር

የካቲት 11

የሰፈር ልማት ኮሚቴያችን ስብሰባ ነበር። ፋርማሲስቱ አርፍዶ መጣ፤ እንደ ልማዱ። ጡረተኛው ሾፌር ከሁላችን ቀድሞ ወንበር ደርድሮ ጠበቀን፤ እንደ ልማዱ። እኔም እንደ ልማዴ መስኮቱን ከፍቼ ማመልከቻዎቹን በደረሱበት ቅደም ተከተል አስቀመጥኩ። ሦስታችንም አንለወጥም።

መንግሥት ለሰፈር ልማት በየዓመቱ የሚሰጠው ድጋፍ ዘንድሮም የሚበቃው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው። የመጫወቻ ሜዳ፣ የመንገድ መብራት፣ የሕዝብ መጸዳጃ፣ ደረጃ። ደረጃው በለጠ። ከታችኛው ሰፈር ተነሥቶ በዳገቱ ላይ ቀጥ ብሎ ጤና ጣቢያው በር ድረስ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ። የጉልበቱን ሥራ ሰፈሩ ይችላል፤ ሲሚንቶው፣ ድንጋዩና የግንበኛው ዋጋ ከድጋፉ ነው። ግማሹ ሲጀመር ይለቀቃል። የቀረው እኛ ሄደን አይተን «በዕቅዱ መሠረት ነው» ስንል።

ያመለከተው ጫማ ሰፊው ነው። የሚስቱ እግር ላይ ቁስል አለ፤ ቀን እየዘለለ ጤና ጣቢያ መታጠብ አለበት። በጀርባው አዝሏት ነው የሚያወጣት። ባለፈው ክረምት ዳገቱ ጭቃ ሆኖ አላስወጣ አላቸው፣ ሕክምናው ተቋረጠ፣ ሁለት ጣቷ ተቆረጠ። ነርሷ ለዘንድሮው የነገረችውን እንዳለ ነገረን። «ክረምቱን ሕክምናውን ከዘለለች የሚቆረጠው ከቁርጭምጭሚት ነው አለችኝ።» አልለመነም። ይህን ብሎ ተቀመጠ።

ከመበተናችን በፊት ከኮሚቴው ደንብ አንቀጽ ዘጠኝን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ የኮሚቴ አባል ወይም ቤተሰቡ በተለይ የሚጠቀምበት ሥራ አይከፈልበትም። ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ አንዱ የቀድሞ አባል በሰፈር ስም የራሱን አጥር ካሠራ በኋላ። ሾፌሩ «እርስዎ ይህችን አንቀጽ እንደ ልጅ ነው የሚያሳድጓት» አለኝ።

ምን አለበት... ሌላ ልጅ የለኝም።

የካቲት 26

ችካል ተተከለ፣ ሲባጎ ተወጠረ። አይቼ መጣሁ።

ግንበኛው ተማሪዬ ነበር። ሰፈሩ «ውኃ ልክ» ነው የሚለው፤ ስሙን እሱም የረሳው ይመስለኛል። የተንጋደደ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። እንግዳ ሆኖ የገባበት ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ አቃንቶ ነው የሚቀመጠው። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር። መልሱን ይስት ይሆናል እንጂ መስመሩን አይስትም።

«ቀጥ ብሏል?» አልኩት።

«ቲቸር፣ እዚህ ሰፈር ከዚህ በላይ ቀጥ የሚሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ድንጋይ የሚያመላልሱት ሴቶች ሸክማቸውን አስቀምጠው ሳቁ። መስመሩ ከእህቴና ከእኔ ጓሮ ራቅ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ በእንጨት መሸጫው በኩል። ያንንም ደግሜ አየሁ። ሲባጎው ሥር ቆሜ ወደ ላይ ስመለከት... እንዴት ደስ ይላል ቀጥ ያለ ነገር።

ስመለስ ጉልበቴ ከዳኝ። ማታ ዘንቦበት የረጠበው ሸክላ አፈር ላይ ተቀመጥኩ ማለት ይሻላል፤ ወደቅሁ አልልም። ውኃ ልክና ጫማ ሰፊው እየሮጡ መጡ። «ላዝልዎት፣ ለምጃለሁ» አለ ጫማ ሰፊው። ሚስቱ ከታች ከበሯ ላይ ሆና «እንዳያምኑት፣ ሲያዝል ያፏጫል!» አለች።

በእግሬ ነው የመጣሁት። በመኪናው መንገድ፣ ዞሬ። ሁሉም ቆመው ሲያዩኝ ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር።

መጋቢት 8

ነገ ወደ ከተማ፣ ወንድሜ ዘንድ። ለጉልበቴ። ሐኪሙ ሳምንታት ይፈጃል ብሏል። የደረጃውን ክትትል ለፋርማሲስቱ አስረከብኩ። በየሳምንቱ እየሄደ ሊያይ ቃል ገባ።

ቃል ሲገባ ስልኩን እያየ ነበር።

ሚያዝያ 2

መርፌ። እህቴ ደወለች፤ «ስትመጪ የምታዪው ነገር አለ» ብላ ዘጋችው።

ሚያዝያ 19

ቤቴ ገባሁ። እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ እህቴ እጄን ይዛ በስፌት ክፍሏ አሳልፋ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የጓሮውን በር ከፈተችው። ያ በር ወደ ዳገቱ ነው የሚወጣው፤ በደረቁ ወራት ከታችኛው ሰፈር ልብስ ሊያሰፉ ከሚመጡ ሴቶች በቀር ማንም አይጠቀምበትም ነበር።

በሩ ሥር ደረጃ አለ።

ከታች ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ከእንጨት መሸጫው ሳይደርስ እንደ ክንድ ታጥፎ ወደ እኛ ይዞራል፣ በራችን ሥር ሰፋ ያለ ማረፊያ ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ መስመሩ ይሄዳል። ከበራችን በላይ ያለው ገና አልተሠራም። ሁለተኛውን ክፍያ ይጠብቃል።

ሰፈሩ ቆሞ ይጠብቀኛል። ድንጋይ ያመላለሱት ሴቶች። ጫማ ሰፊው። ሚስቱ ማረፊያው ላይ፣ በርጩማ ላይ። ውኃ ልክ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ።

«ከእንግዲህ ጭቃ አይነካዎትም፣ ቲቸር።»

ሁሉም ፊቴን ያያሉ። ከአፌ የወጣው፦

«ሲባጎው የት ሄደ?»

ውኃ ልክ ጫማውን አየ። «አለት ገጠመን።»

እህቴ ጎሸም አደረገችኝ። «ሰው መጀመሪያ አመሰግናለሁ ይላል።»

አመሰግናለሁ አልኩ። ድምፄ ግን ክፍል ውስጥ ሲረብሹ የምጠቀምበት ድምፅ ነበር። አንድ በአንድ ተበተኑ። ውኃ ልክን ቆቡን እስኪያደርግ ድረስ አየሁት።

ሚያዝያ 20

ምርኩዜን ይዤ ቀድሞ ሲባጎው በነበረበት ሄድኩ። ችካሎቹ የተነቀሉበት ቀዳዳ አለ። መሬቱን በምርኩዜ ወጋሁት፤ ዘልቆ ገባ። ዝቅ ብዬ ወጋሁ፤ ገባ። ከፍ ብዬም። እንደ ቅቤ ነው አፈሩ።

ጠየቅሁ። አሸዋ የምታመላልሰው ሴት «አለት ነበረ» አለች። ጎረቤቷ «ትልቅ አለት» አለች። እንጨት ሻጩ «ይህን ቤት የሚያህል!» አለ፣ በእጁ እያሳየ። አለቱ ከሰው ሰው ሲሄድ እያደገ ሄደ። ተመካክረውበታል፤ ኩረጃ ለይቼ አውቃለሁ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ሲሠሩ።

የጫማ ሰፊው ሚስት በሯ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ ሣጥን ላይ ተሰቅሎ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አለት የለም» አለች ገና ሳልጠይቃት። «አለቱ እርስዎ ነዎት።»

«እንዴት?»

«ያን ቀን ጭቃው ላይ ወድቀው አየንዎት። ሲነሡም አየንዎት። ዞረው ሲሄዱ ደግሞ... ወደ ከተማ በሄዱ ዕለት ማታ ውኃ ልክ ሲባጎውን ፈታው። የሚቃወም ካለ ይናገር አለ። ማን ይናገራል? ልጆቻችንን ሁሉ ያስተማሩ እርስዎ።»

«አንቀጽ ዘጠኝ አለ።»

«አንቀጹን የት እናውቀዋለን? የምናውቀው እርስዎን ነው።»

እግሯ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ይሸታል» አለች። «ባሌ ቆዳ ስለለመደ ነው የሚችለኝ።» ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቀችም።

በፍቅር የተሠራ ስህተት በምን ይታረማል? በቀይ እስክሪብቶ?

ሚያዝያ 21

ለልማት ጽሕፈት ቤቱ ብጽፍ፦ ክፍያው ይታገዳል። የላይኛው ክፍል፣ ቀጥ ያለው ገደል፣ እንዳለ ይቀራል። ክረምት ይገባል። እግሯ...

ባልጽፍ፦ ክፍያው ይመጣል፣ ደረጃው ያልቃል፣ እግሯ ይተርፋል። የተሰረቀ የለም። ተጎዳሁ የሚል የለም።

ታዲያ ማን ይጎዳል? የሚቀጥለው ዓመት አመልካች። የዛሬ ሦስት ዓመት የሚመጣው። የሌላ አባል አጥር ሥር «አለት ገጠመን» የሚባልበት ሰው። ለማላውቀው ሰው ብዬ የማውቀውን እግር?

ፋርማሲስቱን አገኘሁት። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ። እውነቱን ነው። አላየም። ሊያይ ነበር የተላከው።

ዛሬ አልጻፍኩም።

ሚያዝያ 23

ጻፍኩ። ራሴ ይዤው ወደ ልማት ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ።

የድጋፉን ሥራ የያዘችው ባለሙያ ወጣት ናት፣ ጠረጴዛዋ ንጹሕ። ደብዳቤዬን አነበበችውና አልተቀበለችኝም። በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

«እትዬ፣ ይህን ይዘውት ቢመለሱስ? ካልሰጡኝ አላየሁትም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«ሕዝቡ ወዶ ያደረገው ነው። እርስዎ አላዘዙ።»

«አንቀጹ አዘዘ ወይ አይልም። ይጠቀማል ወይ ነው የሚለው።»

ደብዳቤውን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ማኅተሙን አወጣች። ክፍያው ታግዷል። ወይ ደረጃው በሰፈሩ ወጪ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ ወይ የአባሏ ጥቅም ይነሣል። ያ ካልሆነ ሰኔ መጨረሻ በጀቱ ሲዘጋ ገንዘቡ ተመላሽ ነው።

«ሰፈሩ አፍርሶ ለመሥራት አቅም የለውም» አልኩ።

«አውቃለሁ። ደረጃውን ከቤትዎ ማራቅ አይቻልም እኮ።»

«ቤቴን ከደረጃው ባርቀውስ?»

ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ቀጥሎ ፊቴን አየች።

«በሩን ማለትዎ ነው?»

«በሩን። በግንብ እደፍነዋለሁ።»

ሚያዝያ 24

ቤቱ የአባታችን ነው። የእህቴና የእኔ፣ እኩል። እሷ ካልተስማማች አንድ ድንጋይ አላኖርም።

አልተስማማችም። የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችኝ፣ ቀጥሎ መኪናዋን አስነሣችና ከመኪናው በላይ ጮኸች። ደንበኞቿ ሁሉ ከታችኛው ሰፈር ናቸው። ደረጃው ከታጠፈ ወዲህ ሥራዋ እጥፍ ሆኗል፤ ቁልፍ ለማስተከል እንኳ ብቅ ይላሉ።

«በፊት ለፊቱ ይግቡ» አልኩ።

«ዳገቱን ዞረው? ለአንድ ቁልፍ? እዚያው ታች ያለው ወንድ ሰፊ ዘንድ ነው የሚሄዱት፣ እሱ ደግሞ እጅጌ ሁለቱን እኩል ቆርጦ አያውቅም።»

«መንግሥት ያን ገንዘብ...»

«መንግሥት ጉልበትሽን አላሻሸም! እኔ ነኝ የማሽሽ።» ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣች። «ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ስህተት ስታርሚ ኖርሽ። እኔ ደብተር አይደለሁም፣ እትዬ።»

ለየብቻችን በላን።

ሚያዝያ 28

ወሬው ደርሷል። ያሳገደችው ቲቸር ናት ተብሏል። ትክክል ነው፣ ምን ይስተባበላል።

ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ፊቴ ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችኝና መልሳ ዞረች። ድንጋይ ያመላለሰች ናት። ውኃ ልክ በመንገዱ ማዶ አለፈ። ሰላም አላለኝም። ትምህርት ቤት እያለ ሲቆጣ እንደሚያደርገው አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ።

ጫማ ሰፊው ግን በደጄ ሲያልፍ፣ ሚስቱ ጀርባው ላይ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሰላምታ ይሁን ሸክሙ ይሁን አላውቅም።

ግንቦት 3

ዝናብ። ያለ ጊዜው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያደረ።

ጠዋት ከጓሮ በኩል ድምፅ ሰማን። እህቴ ቀድማ ወጣች። ጫማ ሰፊውና ሚስቱ ማረፊያው ላይ ተቀምጠዋል፣ ከእግር እስከ ራስ ጭቃ። እስከ በራችን በደረጃው መጥተው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሸክላ አንሸራትቷቸው ወረዱ። የታመመው እግር ፋሻ ተፈትቶ ጭቃ ውስጥ ተጎትቷል።

እህቴ ሁለቱንም አስገባች። ውኃ አሞቀች። የሴትዮዋን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ በእጇ አጠበችው፣ እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜ። ፋሻው ሲነሣ ያየነውን... አልጽፈውም። እህቴ ፊቷን አላዞረችም።

ጫማ ሰፊው ግድግዳ ተደግፎ «ጥለኸኝ ውጣ አለችኝ» አለ። «የት ነው የምወጣው ያለ እሷ፣ ለማን ብዬ?»

ሚስቱ «ብቻውን ቢወጣ ፋሻው ማን ላይ ይታሰራል ብሎ ነው» አለች። ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር።

እህቴ ከተሰፉት ልብሶች አንዱን አውጥታ አለበሰቻት። የደንበኛ ነበር። ምን ብላ ትመልሳለች አላልኳትም።

ግንቦት 4

ጠዋት ስነሣ እህቴ የለችም። ጓሮ አገኘኋት። ከአሮጌው የአትክልት መደብ ድንጋይ እያወጣች በሩ ሥር ትከምራለች።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ» አለች ሳታየኝ። «ነይ ያዢ።»

ግንቦት 5

ሁለት አሮጊቶች ግንብ ስንሠራ ዋልን። እህቴ ጨርቅ እንጂ ድንጋይ አታውቅም፤ እኔ መስመር አውቃለሁ፣ ድንጋይ ግን መስመር አያውቅም። ሲሚንቶው ቀጠነ። የታችኛው ረድፍ ወደ ግራ፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ።

«ጠመመ» አለች።

«ጠመመ።»

«አንቺ እያየሽ?»

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ቀና ስል ውኃ ልክ ማረፊያው ላይ ቆሟል። ሊያናግረን ሳይሆን ሊያልፍ የመጣ መሰለኝ። ግንቡን አየና ማለፍ አቃተው። ዓይኑ ረድፉን ተከትሎ ሄደ፣ ተመለሰ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ይህ ግንብ ነው ወይስ የታጠበ ልብስ ክምር?»

ዝቅ ብሎ የላይኛውን ረድፍ ማንሳት ጀመረ፣ ቀጥሎ የታችኛውን። ጨርሶ አፈረሰው። ሄደ። ሲመለስ ሲባጎውን፣ ውኃ ልኩንና ትክክለኛ ሲሚንቶ ይዞ ነው። ሲሚንቶውን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት፤ ከሥራው ከሆነ አይሆንም።

«ከቤቴ ነው፣ ቲቸር» አለ። ተናደደ። «እሱንም ይጻፉት።»

እህቴ አቀበለች፣ እኔ ሲባጎውን ያዝኩ። እሱ ደረደረ። ግንቡ ደረቱ ላይ ሲደርስ፣ እሱ በዚያ በኩል እኛ በዚህ በኩል ሆነን፣ ድንጋዩን ሳያነሣ ቆመ።

«ስጦታ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አለት ነው ብለው ቢጽፉ ማንም ቆፍሮ አያይም ነበር።»

«አለት አልነበረም።»

ድንጋዩን እያገላበጠ አየው። «አልነበረም» አለ። አስቀመጠውና ውኃ ልኩን አሳረፈበት። አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። እሱም እኔም አየናት።

ግንቡ ከራሱ በላይ ሲሆን ከማዶ ድምፁ ብቻ ቀረ። የተረፈውን ድንጋይ ምን ላድርገው አለ። ያለንን ሁሉ በላይ አሻገርንለት። ሲመታ፣ ሲያስተካክል ሰማን። ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁም።

ግንቦት 9

ባለሙያዋ መጣች። በፊት ለፊት በር ገብታ፣ የስፌት ክፍሉን አልፋ፣ ጓሮ ወጥታ ግንቡን በእስክሪብቶዋ ጫፍ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ዞራ በዳገቱ በኩል ልታየው ሄደች። እኔም ከኋላዋ፣ በመኪናው መንገድ።

ከማዶ፣ በራችን በነበረበት፣ ግንቡን ተደግፎ የድንጋይ መቀመጫ ተሠርቷል። ሁለት ሰው ይይዛል።

«ይህ ዕቅዱ ላይ የለም» አለች።

«ድንጋዩ ከእኛ ግቢ ነው። ለሕዝብ ሰጥተነዋል።»

«ለጉልበትዎ እንዲሆን ብለው እንዳይሆን።»

«እኔ ወደዚህ የምመጣበት በር የለኝም።»

ተቀመጠችበት። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጻፈች። ብዙ ጻፈች። ስትጨርስ «አያቴን ይመስላሉ» አለችኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ አልነገረችኝም።

ክፍያው ተለቋል።

ሰኔ 14

ዝናብና ሥራ እሽቅድምድም ላይ ናቸው። ጠዋት ይሠራሉ፣ ከሰዓት ፕላስቲክ ያለብሳሉ። እኔ በየቀኑ በመኪናው መንገድ ዞሬ ላይኛው ጫፍ ድረስ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ቢያየኝ...

ዳቦ ቤት ያኮረፈችኝ ሴት ዛሬ ድንጋይ ተሸክማ ስታልፍ «ቲቸር፣ ከመንገድ ዞር ይበሉ» አለች። ጥሩ ነው። ተናገረችኝ።

ሰኔ 27

አለቀ። የእጅ መደገፊያው የብረት ቧንቧ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም፤ ገና አልደረቀም። ከሰፈሩ ግማሹ መዳፉ አረንጓዴ ነው። ሦስታችንም አይተን ፈረምን፤ ፋርማሲስቱ በዚህኛው ቀድሞ ደረሰ። መታጠፊያው በሪፖርቱ ላይ አለ፣ ምክንያቱም አለ። አለት የሚል የለም።

ሐምሌ 6

የእህቴ ደንበኞች ዘዴ አገኙ። መቀመጫው ላይ ወጥተው ጨርቁን በግንቡ ላይ ያቀብሏታል፣ እሷ በወዲህ በኩል በርጩማ ላይ ቆማ ትቀበላለች። «ወገቡን አጥብቢው!» «ያለፈውም ጠቦብሻል፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽው!»

በግንብ ላይ ጨርቅ መቀባበል በአንቀጽ ዘጠኝ ጥቅም ነው? ግማሽ ቀን አሰብኩበት። እህቴን ጠየቅኋት። መቀስ ይዛ አየችኝ።

ጥቅም አይደለም ብዬ ወሰንኩ። ባለሙያዋ ከጠየቀችኝ ግን እነግራታለሁ።

ሐምሌ 19

ፋርማሲስቱ ከኮሚቴው ለቀቀ። ሰፈሩ ጫማ ሰፊውን መረጠ። ሊጠይቀኝ በፊት ለፊት በር መጣ፣ ተጨንቆ።

«ከገባሁ በደረጃው መሄድ ይቀርብኛል?»

«ያለፈውን ሥራ አይነካም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ሚስቴ የእኛንም በር በግንብ ልንደፍነው ነው ብላ ሌሊቱን ስትስቅ አደረች።»

አንቀጽ ዘጠኝን ሰጠሁት። ቆሞ አነበባት፤ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። «ከባድ ናት» አለ። አልተቃወምኩም።

ነሐሴ 2

ዝናቡ አላቋረጠም። ግንቡ ሥር ወንበር አውጥቼ፣ በክዳኑ ጥላ፣ ከምሳ በኋላ እቀመጣለሁ። ሰዎቹን በኮቴያቸው ለየኋቸው። ውኃ ልክ መታጠፊያው ላይ ሁልጊዜ ይቆማል፤ የሆነ ነገር በእጁ ይዳስሳል፣ ይሄዳል። ጫማ ሰፊው ሲወጣ ከባድ ነው፣ እያንዳንዱን ደረጃ ረግጦ፣ የሁለት ሰው ክብደት በአንድ እግር። መቀመጫው ላይ ያወርዳታል። እስትንፋሱን ሲሰበስብ እሷ ግንቡን በጣቷ ታንኳኳለች።

«ቲቸር፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«ጉልበትስ?»

«አለ። እግርስ?»

«አለ።»

ይህን ያህል ነው። አንድም ቀን አልቀሩም። አንድም ቀን፣ በዚህ ዝናብ።

ነሐሴ 11

ነርሷ እህቴ ዘንድ ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ነበር። እህቴ ጠየቀቻት። ስለ በሽተኛ አልናገርም አለች፤ ልክ ናት። ግን ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «ደረጃውን የሠራው ሰው ብርቱ ነው» አለች።

ነሐሴ 25

ዝናቡ ጠዋት ለአፍታ ቆመ። ወንበሬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። እህቴ በመስኮቱ ውስጥ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

የጫማ ሰፊውን ኮቴ ጠበቅሁ። በሰዓቱ ከታች ተሰማ። ግን አልገባኝም... የእሱ አይመስልም። ቀሎ ነበር። አንድ ሁለት ረግጦ ይቆማል፣ እንደገና አንድ ሁለት። ከጎኑ ሌላ፣ አንካሳ፣ ቀስ ያለ፤ ብረቱ ላይ እጅ ሲንሸራተት ይሰማል።

የሁለት ሰው ኮቴ ነበር።

«እህቴ» አልኩ። መኪናው ቆመ።

መታጠፊያው ላይ ደረሱ። ሲቀመጡ ሰማሁ። እሱ አላፏጨም። ከዚያ ግንቡ ተንኳኳ።

«ቲቸር፣ አሉ?»

እህቴ ከኋላዬ መጥታ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋለች። እጄን ግንቡ ላይ አደረግሁ። ድንጋዩ ርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ቀጥ ያለ።

«አለሁ» አልኩ። «ዛሬ አትቸኩሉ። እረፉ።»